ስለላ የሚከሽፈው መረጃ ሲጠፋ ነው ወይስ ሰሚ ሲጠፋ?

ሰላም ለሁላችሁ የሐዋሳ ልጆች። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ 25 ደርሰዋል። አሁን ለምትገቡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ሁሉን ማንበብ ይከብዳል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ። በየመሃሉ የራሴንም ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ስለ ስለላ ሲወራ ቶሎ የምንሄደው ወደ ዘዴው ነው። ስልክ እንዴት ይጠለፋል? ሳተላይት ምን ያህል አጥርቶ ያያል? ሰላዩ ድንበሩን እንዴት አለፈ? እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው። መረጃው ከተገኘ በኋላ ማን ይሰማዋል? የስለላ ድርጅት ከባዱ ሥራ ምሥጢር ማግኘት አይመስለኝም። ከባዱ ሥራ ያገኘውን እውነት መስማት ለማይፈልግ አለቃ መንገር ነው።

ሁለት ምሳሌ አቀረብኩ። ሪቻርድ ዞርጌ ቶኪዮ ውስጥ በጀርመን ጋዜጠኛነት ሽፋን ለሶቭየት ኅብረት ይሰልል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ ሂትለር ሊወር መሆኑን ለሞስኮ ደጋግሞ አሳወቀ። ስታሊን አላመነውም። በዚያው ዓመት ጁን 22 ጀርመን ወረረች። ዞርጌ ራሱ ጃፓን ውስጥ ተይዞ በ1944 ተሰቀለ። የሶቭየት ኅብረት ጀግና የተባለው ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው በቴሌቪዥን የታየ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2022 ፑቲን የጸጥታ ምክር ቤታቸውን ሰበሰቡ። ዩክሬን ልትወረር ሦስት ቀን ቀርቷታል። የውጭ ስለላው ኃላፊ ሰርጌይ ናሪሽኪን አትሮንሱ ጋ ቆመው ይንተባተባሉ። ፑቲን በግልጽ ተናገር እያሉ ያቋርጧቸዋል። ሰውየው ጨነቃቸው። የዩክሬኖቹ ዶኔትስክና ሉሃንስክ ወደ ሩሲያ እንዲጠቃለሉ እደግፋለሁ ብለው አረፉት። የተጠየቁት ግን እንደ ነጻ አገር ዕውቅና ስለ መስጠት ነበር። ፑቲን አርመው ወደ ወንበራቸው መለሷቸው። በካሜራ ፊት እንዲህ ከሆነ፣ በር ተዘግቶ ጦርነቱ እንዳሰቡት አይሄድም የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በጣም ጨዋ ልጅ ነው። ተስማምቶ እ.ኤ.አ. የ1973ቱን የእስራኤልና የዓረቦች ጦርነት ጨመረ። የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ ክፍል ግብፅ ረጅም ርቀት የሚበር የጦር አውሮፕላን ሳትይዝ ጦርነት አትከፍትም ብሎ ደምድሞ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ምልክት ሁሉ በዚያ ድምዳሜ ተለካ። የግብፅ ጦር ወደ ስዌዝ ቦይ ሲጠጋ ልምምድ ነው ተባለ።

ምላሽ 2

አንድ ወንድማችን ታሪኩ ይስተካከል አለ። እስራኤሎች ጭራሽ አልሰሙም ማለት ልክ አይደለም። የቀድሞው የግብፅ ፕሬዚዳንት የናስር አማች አሽራፍ ማርዋን ከጦርነቱ በፊት በነበረው ሌሊት ለንደን ላይ የእስራኤልን የውጭ ስለላ ድርጅት የሞሳድን ኃላፊ አግኝቶ ነግሮታል። ጥቃቱ የሚጀመረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ብሎ ነበር። ጦርነቱ ግን ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ተጀመረ። ማርዋን ድርብ ሰላይ ነበር የሚሉ ዛሬም አሉ። የወንድማችን ነጥብ ሰሚ ቢገኝም አንዳንዴ ጊዜ አይገኝም የሚል ነው። ይህ ጥሩ እርማት ነው።

ምላሽ 3 እና 4

ምላሽ 3 ወደ አገር ቤት መለሰን። ያለ ባሻ አውዓሎም ስለ ስለላ ማውራት አይቻልም አለ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባሻ አውዓሎም ለጣሊያኖች የሚሠራ መስሎ ገባ። የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል፣ ሌላውም አክሱም ለመሳለም ሄዷል ብሎ ለጣሊያኑ ጦር አዛዥ ለባራቲዬሪ ነገረ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች በሌሊት ተነሥተው ወደ ዓድዋ ሲመጡ ጦሩ እዚያው ነበር።

ምላሽ 4 ይህንን ይዞ ከእኔ ጥያቄ ጋር አገናኘው። ባራቲዬሪ ስንቁ እያለቀበት ነበር። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ የሚያዋርድ ቴሌግራም ልከውበታል። የብርጌድ አዛዦቹን ሰብስቦ ሲጠይቃቸው ማፈግፈግ የሚባል ነገር አይታሰብም አሉት። እንዲህ ላለ ሰው የምኒልክ ጦር ተበትኗል የሚለው ወሬ ጆሮ የሚያስደስት ነው። ባሻ አውዓሎም የነገረው ሰውየው መስማት የፈለገውን ነበር። በዚህ ክር ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ምላሽ ይህ ነው። የሚጎዳን እውነቱን አለመስማት ብቻ አይደለም። ደስ የሚለውን ውሸት ቶሎ መቀበልም ነው።

ምላሽ 5

ጡረታ የወጡ መምህራችን ጋሼ ገቡ። ብዙዎቻችሁን አስተምረዋል፣ ስማቸውን አልጠራም። ያነሱት የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። ጃንሆይ ብራዚል ነበሩ። የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ሲነሱ፣ የጸጥታው ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁም አብረው ነበሩ። የንጉሡ ጆሮ የተባሉት ሰው ማለት ነው። ጋሼ እንዳሉት ንጉሠ ነገሥቱ አንዱን በሌላው የሚያሰልሉ ብዙ ጆሮዎች ነበሯቸው። ጆሮዎቹ ግን ሁሉም የሚናገሩት ለአንድ ሰው ነው። ያ ሰው አገር ውስጥ በሌለ ጊዜ ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

ምላሽ 6 እና 7

እዚህ ጋ ወሬው ወደ ጎን ሄደ፣ ግን አልከፋኝም። አንዲት እህት አጎቷ በወጣትነቱ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ወጥ ቤት ይሠራ እንደነበር ጻፈች። ትልልቅ አንቴናዎቹን በየቀኑ ያያል። የሚሠሩትን ግን አያውቅም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 የዓለምን የሬዲዮ ግንኙነት ያዳምጡበት የነበረ ቦታ መሆኑን የሰማው ሸምግሎ ነው። አስመራን የመረጡት ከፍታዋና ለምድር ወገብ መቅረቧ ለሬዲዮ ስለሚመች ነበር።

ምላሽ 7 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ ሱዳን ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ አሩስ የሚባል የጠላቂ ቱሪስቶች መዝናኛ ከፍቶ ቤተ እስራኤላውያንን በሌሊት ያሻግር እንደነበር አስታወሰ። ቀን እውነተኛ ቱሪስት ያስተናግዳሉ። እንደ ታሪክ ደስ ይላል። ከጥያቄው ጋር ብዙ አይገናኝም።

ምላሽ 8፣ 9 እና 10

መዝናኛ ሲባል አንዱ የሐይቁን ዳር አነሳ። ከዚያ አሞራ ገደል የዓሣ ዋጋ ስንት ገባ ወደሚለው ሄዱ። አልፈዋለሁ። ለዓሣው ሌላ ክር ይከፈት።

ምላሽ 11

ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የጻፈችው ሴት ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሪፖርት አጠናቃሪ ነበረች። ከቀበሌ የሚመጣው ወረቀት ሕዝቡ በውኃ እጥረት ተቆጥቷል፣ ወጣቶች ስብሰባ ረግጠው ወጥተዋል ይላል። እሷ ወደ አንድ ገጽ ስታሳጥረው ቅሬታ ያላቸው ወገኖች አሉ ብላ ታለዝበዋለች። የቅርብ አለቃዋ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘውና ውስን ክፍተቶች ይለዋል። ከእሱ በላይ ያለው ደግሞ ክፍተቶቹ በመፈታት ላይ ናቸው የሚል ይጨምርበታል። አንድ ቁጣ ሦስት ጠረጴዛ አልፎ የሥራ ውጤት ሆነ። ማንም ዋሽቷል ለማለት ይከብዳል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው ያለሰለሰው።

በኋላ ተቃውሞ የተነሣ ዕለት አለቆቿ እንዴት ሳንሰማ ቀረን ብለው ሲጮሁ እሷ ፋይሉን አውጥታ የመጀመሪያውን ወረቀት አሳየቻቸው። የቀበሌው ልጅ ከሁለት ወር በፊት ጽፎት ነበር። ዞርጌን ፍለጋ ቶኪዮ ድረስ የሄድኩት ለምን እንደሆነ እንጃ። ጉዳዩ እዚሁ ነበር።

ምላሽ 12

ጋሼ ተመልሰው መጡ፣ ለ11 ብለው። በደርግ ጊዜ ወጣት መምህር ነበሩ። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ሲሰሙ ሬዲዮኑን ጋቢ ውስጥ ያስገቡታል። ሰምተው ሲጨርሱ መርፌውን ወደ ኢትዮጵያ ሬዲዮ መልሰው ነው የሚዘጉት። ጠዋት ሰው መጥቶ ቢከፍተው እንዳይገኝባቸው ነው። የሰፈሩን ጆሮ ጠቢ ሁሉም ያውቀዋል። እሱ ሲመጣ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ልጆች ትምህርት ይዞራል። ሰውየው ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር ይዞ መቅረብ አለበት። ሰው ዝም ሲልበት ፈጥሮ አቀረበ። በዚያ ፈጠራ የታሰሩ ጎረቤቶች እንደነበሩ ጋሼ ጽፈዋል። ከዚያ በላይ አልዘረዘሩም። ልጆች ሆይ፣ እባካችሁ ዘርዝሩልን እያላችሁ አታስጨንቋቸው።

ምላሽ 13 እና 14

አንድ ልጅ የሁላችንንም ስልክ እየሰሙ ነው፣ ስለዚህ ክሩ ይዘጋ አለ። ምላሽ 14 የኮምፒውተር ባለሙያ ነች። በትዕግሥት መለሰችለት። የእስራኤሉ ኩባንያ ኤንኤስኦ የሚሸጠው ፔጋሰስ የተባለ የስልክ መጥለፊያ መኖሩ እውነት ነው፤ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልኩ ውስጥ የሚገባበት ዘዴም አለው። ግን ውድ ነው፣ የሚገዙት መንግሥታት ናቸው፣ የሚያነጣጥሩትም በተመረጡ ሰዎች ላይ ነው። እዚህ ከተማ ሰው አካውንቱን የሚያጣው በሌላ መንገድ ነው። በቴሌግራም የምትመጣዋን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ጓደኛ መስሎ ለጠየቀው ሌባ እየላከ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፣ ስልካችሁን አድሱ ብላለች። ዛሬውኑ አድርጉት።

ምላሽ 15

ከ14 ተነሥቶ አንዱ የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ አነሳ። የፈረንሳዩ ሌ ሞንድ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2018 እንደዘገበው፣ ቻይና ሠርታ ካስረከበችው ከአዲስ አበባው ሕንፃ በየሌሊቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይላክ ነበር። ለአምስት ዓመት ያህል ቆይቷል ተብሏል። ቻይና አስተባብላለች። የኅብረቱ ኃላፊዎችም ክሱን አልተቀበሉትም። መላሹ የተናደደበት ነገር መሰለሉ ራሱ አይደለም። ስጦታ ሲመጣ ኬብሉን የሚፈትሽ ሰው አስቀድሞ አለመመደቡ ነው። እኔም ይህ ንዴት ገብቶኛል።

ምላሽ 16፣ 17 እና 18

ከዚህ በኋላ ቃሉ ሻከረ። ምላሽ 16 ሁላችንንም ገሠጸ። የአገር ደኅንነት የአደባባይ ወሬ አይደለም፣ ጠላት የሚያነበውን ትጽፋላችሁ፣ ጋሼም ያለፈ ቁስል እየነካኩ ነው አለ። ምላሽ 17 ደግሞ ማንነቱን ሳያውቅ 16ን ጆሮ ጠቢ ብሎ ሰደበው። የመድረኩ አስተዳዳሪ በምላሽ 18 ሁለቱንም አስጠነቀቀ፣ የ17ንም ስድብ አጠፋ።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። እዚህ ከተጻፈው ውስጥ በመጽሐፍና በጋዜጣ ያልወጣ ምሥጢር የለም። 16 በዚህ ተሳስቷል። 17 ያደረገው ግን የከፋ ነው። በደርግ ጊዜ በዚያች ቃል ሰው ሞቷል፤ የተባለውም ሞቷል፣ የጠቆመውም ሞቷል። ማስረጃ ሳንይዝ ሰው ላይ አንለጥፋት።

ምላሽ 19 እና 20

በጣም የተሳለው ምላሽ 19 ነው፣ የተሳለውም በእኔ ላይ ነው። ለሰላዩ አዝነህለታል አለኝ። እውነት ተናግሮ ሰሚ ያጣ ምስኪን አድርገህ ሳልከው። ማዕከላዊ ገብተው የወጡ ሰዎች ይህን ቢያነቡ ምን ይሉሃል? መረጃው ለአለቃ አልደረሰም ብለው አይደለም የሚያለቅሱት። ደርሷል፣ ለዚህም ነው የታሰሩት አለ።

ምላሽ 20 ማዕከላዊ በፖሊስ ሥር የነበረ የምርመራ ቦታ እንጂ የስለላ መሥሪያ ቤት አይደለም ብሎ አረመው። ትክክል ነው፣ ግን ውስጥ ለነበረው ሰው ልዩነቱ ምን ያደርግለታል?

ለ19 የምለው አለኝ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ሥር ነው ያላቸው። ለአንድ ሰው ብቻ የሚናገር ድርጅት ያንን ሰው የሚያስደስተውን ይነግረዋል። ያ ሰው የሚፈራውንም ሰው ይከታተልለታል። የውጭ ጠላት ሳይታይ የሚያልፈው የድርጅቱ ዓይን ወደ ጎረቤት ሲዞር ነው።

ምላሽ 21

አንድ የሕግ ባለሙያ ወንድማችን ሕገ መንግሥቱን ከፈተ። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ ደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን ይጠብቃል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ የአገር መከላከያና የደኅንነት አደረጃጀትን የሚወስነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሆነ ይናገራል። ሰብአዊ መብት ከተጣሰም እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጆሮ በሕግ አለ። የወንድማችን ጥያቄ ያ ጆሮ ይሠራል ወይ የሚል ነው።

ምላሽ 22

ተማሪው (የምላሽ 1 ልጅ) የሌላ አገር ተሞክሮ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራ የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ሲአይኤንና ኤፍቢአይን መረመረ። ካስትሮን ለመግደል የተሸረቡ ሤራዎች፣ የዜጎች ደብዳቤ በምሥጢር መከፈቱ፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ ላይ የተደረገው ክትትል ሁሉ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሴኔቱ ቋሚ የስለላ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በ1978 ደግሞ ለክትትል ፈቃድ የሚሰጥ ልዩ ፍርድ ቤት መጣ።

በተቃራኒው የምሥራቅ ጀርመኑን ሽታዚ ጠቀሰ፤ ደርግን ያማከረውን ድርጅት። 16 ሚሊዮን ሰው ባላት አገር 91,000 ገደማ ቋሚ ሠራተኛና ከዚያ እጥፍ የሚሆን ጠቋሚ ነበረው። ከእሱ የተረፈው ሰነድ ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያን ሁሉ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ማስቆም አልቻለም።

ምላሽ 23

ቁጥጥር ያለበት አገርም ይሳሳታል ብሎ አንዱ ኢራቅን አስታወሰ። አሜሪካ ምክር ቤት ነበራት፣ ኮሚቴ ነበራት። ግን ከርቭቦል በሚል ስም የሚጠራ አንድ ኢራቃዊ ለጀርመኖች የነገረው የተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ወሬ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 በአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በኮሊን ፓወል አፍ በተባበሩት መንግሥታት ፊት እንደ እውነት ቀረበ። ጀርመኖቹ በሰውየው ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው። ከወረራው በኋላ መሣሪያው ተፈልጎ ታጣ። በ2011 ሰውየው ራሱ መዋሸቱን አመነ። የባራቲዬሪ በሽታ ነው፣ በምላሽ 4 ያየነው። ለጦርነት የቆረጠ መሪ ምንጩን አይመረምርም።

ምላሽ 24 እና 25

ሪፖርት አጠናቃሪዋ እህታችን ተመልሳ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ያን የቀበሌ ልጅ ማን ይጠብቀዋል? ሕዝቡ ተቆጥቷል ብሎ የጻፈው ልጅ በኋላ ችግር ፈጣሪ ተብሎ ከቦታው ተነሥቷል። እሷ ራሷ ፋይሉን በማውጣቷ ሁለት ዓመት ዕድገት ተከልክላለች። ይህን ሳነብ ልቤ ደማ።

የሕግ ባለሙያው በምላሽ 25 አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ አላት። ምስክሮችንና ወንጀል ጠቋሚዎችን ይጠብቃል። ግን ልጁ ወንጀል አልጠቆመም። የማይጥም ግምገማ ነው የጻፈው፣ አዋጁ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። እስራኤሎች ከ1973ቱ ጦርነት በኋላ በወታደራዊ መረጃው ውስጥ የዋናውን ግምገማ ተቃራኒ መሞገት ሥራው የሆነ አነስተኛ ክፍል አቋቁመዋል። ተቃራኒውን መጻፍ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆነ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 የሐማስ ጥቃት ሳያስቡት ደረሰባቸው። ስለዚህ ክፍል መክፈት ብቻ አይበቃም፣ ብሎ አቆመ።

ከምላሽ 26 ጀምሮ የምትጽፉ ወገኖቼ፣ በዚህ ላይ እንነጋገር። በመሥሪያ ቤት ሕግ፣ በሠራተኛ አዋጅ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ደስ የማይል እውነት በመጻፉ የተጎዳ ሠራተኛ የሚከራከርበት በር አለ? አለ የምትሉ አንቀጹን ጥቀሱልን። የለም የምትሉ ደግሞ ምን መጻፍ እንዳለበት አስቀምጡ። የሕግ ባለሙያው ወንድማችን ሰብስቦ በጽሑፍ ያዘጋጀዋል፣ ከተማውን ለሚወክሉት የምክር ቤት አባላት የማድረሱን ሥራ እኔ እወስዳለሁ።